በዝናብ ከተማ ውሃ ያጣው መሬት፦ የብሪገን የዝናብ ውሃ አያያዝ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ የወረደው ዝናብ ጉዳት ሳያደርስ እንዴት ቶሎ ከከተማው ይውጣ የሚል ነው። የቱቦው ስፋት፣ የቦዩ ተዳፋት፣ የማንሆሉ ርቀት ሁሉ የሚሰላው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። በኖርዌይ ሁለተኛ ከተማ በበርገን፣ ብሪገን በሚባለው ጥንታዊ የወደብ ሰፈር የደረሰው ነገር ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል። ሰፈሩ የተጎዳው ውሃው ሳይወጣ ቀርቶ አልነበረም። ውሃው ከመሬት ላይም ከመሬት ውስጥም ከሚገባው በላይ በመውጣቱ የታሪካዊዎቹ የእንጨት ቤቶች መሠረት ከሥር እየበሰበሰ ይሰምጥ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደታወቀ፣ ምን እንደተሠራና የትኛው እርምጃ እንደሰመረ ያስቀምጣል። የባለሙያዎቹም ሆነ የባለንብረቶቹ ስም አልተጠቀሰም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቦታው

በርገን በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በተራሮች ተከባ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ በገባ የባሕር ወሽመጥ ዳር የተመሠረተች ከተማ ናት። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በዓመት ከ2,200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብባት በአውሮፓ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች ትመደባለች። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ልዩነቱ የበርገን ዝናብ በአንድ ክረምት ተሰብስቦ የሚወርድ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚያካፋ መሆኑ ነው።

ብሪገን የከተማይቱ አሮጌ የንግድ ሰፈር ነው። ከ1360 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1754 ድረስ የሀንሳ ማኅበር የሚባሉት የጀርመን ነጋዴዎች ጽሕፈት ቤታቸውን በዚህ አቋቁመው፣ ከሰሜን ኖርዌይ የሚመጣውን የደረቀ ኮድ ዓሣ በእህልና በሌላ ሸቀጥ ይለውጡ ነበር። ዛሬ የቆሙት 60 ያህል የእንጨት ቤቶች ከ1702ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ በቀድሞው ይዞታ መስመር ላይ እንደገና የተሠሩ ሲሆኑ፣ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ቤቶቹ ጠባብ ፊታቸውን ወደ ወደቡ አዙረው ወደ ኋላ የሚረዝሙ ናቸው። በሁለት የቤት ረድፎች መካከል ያለው መተላለፊያ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ከላይ የፎቆቹ ሰገነቶች ከግራና ከቀኝ ስለሚጠጋጉ ሰማዩ እንደ ጠባብ ሪባን ብቻ ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ ኩሬ የሚቆፈርበት፣ ሰፊ ቦይ የሚዘረጋበት ባዶ መሬት የለም ማለት ይቻላል።

የሰፈሩ መሬት ራሱ ሰው የሠራው ነው። ነዋሪዎቹ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ባሕሩ እየገፉ፣ ከግንድ የተጋጠሙ ሣጥኖችን በድንጋይና በቆሻሻ እየሞሉ መርከብ መጠጊያቸውን ወደፊት ሲያራምዱ ኖረዋል። ከተማይቱ በ1198፣ በ1248፣ በ1332፣ በ1413፣ በ1476 ተቃጥላለች፤ በየጊዜው ፍርስራሹ ተደልድሎ አዲሱ ቤት በላዩ ይሠራ ነበር። በዚህ መልክ በአንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ያህል፣ ከዚያም በላይ ውፍረት ያለው የታሪክ ድርብርብ ተፈጥሯል። በውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር አፈር አይደለም፤ ግንድ፣ የጥራቢ ስንጥር፣ የዛፍ ልጣጭ፣ ፍግ፣ የዓሣ አጥንት፣ የጫማ ቆዳ ነው። ቤቶቹ የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ከቃጠሎው እስከ ሆቴሉ

ጁላይ 4 ቀን 1955 በብሪገን ሰሜናዊ ክፍል እሳት ተነሥቶ ብዙ ቤቶች ወደሙ። በተቃጠለው ቦታ ላይ የተጀመረው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከአሥር ዓመት በላይ ቀጥሎ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ከነወለሉና ከነመርከብ መጠጊያው ተገለጠ። ከተገኙት ቅርሶች መካከል ሩን በሚባለው የሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ፊደል የተቀረጹ 670 ያህል ጽሑፎች አሉ። አብዛኞቹ በትንንሽ እንጨቶች ላይ የተቀረጹ የሸቀጥ ምልክቶች፣ አጫጭር መልእክቶችና ጸሎቶች ናቸው። አንድ ነጋዴ በጆንያው ላይ ያሰረው የእንጨት ቁራጭ ስምንት መቶ ዓመት ሳይበሰብስ የቆየው መሬቱ ሁልጊዜ በውሃ የተሞላና አየር የማያገኝ ስለነበረ ነው። ለኋለኛው ታሪክ ይህን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል።

በቃጠሎው ቦታ ላይ በ1976 የከተማይቱን ጥንታዊ ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ተከፈተ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከሙዚየሙና ከተረፉት ቤቶች ጎን አንድ ሆቴል ተሠራ። ሆቴሉ ምድር ቤት ስላለው ግንባታው በተለመደው የምሕንድስና ዘዴ ተከናወነ። እርስ በርሳቸው የሚቆላለፉ የብረት ሉሆች በዙሪያው ወደ መሬት ተመትተው ግድግዳ ሆኑ፤ ከምድር ቤቱ ሥር ደግሞ የሚሰርገውን ውሃ ሰብስቦ የሚያስወጣ ማፋሰሻ ተዘረጋ። ለሕንፃው ይህ ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ምድር ቤቱ ደረቅ ሆነ። የብረት ግድግዳው ከቅርስ ቤቶቹ በኩል ያለውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ይገታል የሚል ግምት ስለነበረ፣ ከግድግዳው ማዶ ስላለው መሬት የተለየ ሥጋት አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበረ ማንኛውም ጥንቁቅ መሐንዲስ እንዲሁ ያደርግ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ጥፋተኛ በመፈለግ ዓይን ማየት አይጠቅምም።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

አሮጌ የእንጨት ቤት ያዘመመ ሁሉ እየሰመጠ ነው ማለት አይደለም። በብሪገን የማይዘምም ቤት ስለሌለ፣ ጎብኚው እንደ ውበት የሚያየውን ጥገና ሠሪው እንደ ዕድሜ ይቆጥረው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፊ የጥገና ሥራ ሲጀመር ግን ባለሙያዎች በቤቶቹ ላይ ቋሚ የመለኪያ ነጥቦችን ተክለው ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ በየጊዜው መለካት ጀመሩ። ውጤቱ ግምትን በቁጥር ተካ። ከሆቴሉ አጠገብ ባለው ቡጎርደን በተባለው የቤት ረድፍ አካባቢ መሬቱ በዓመት እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሰምጥ ነበር። ከዚያ እየራቁ ሲሄዱ ቁጥሩ ይቀንሳል።

ስምንት ሚሊ ሜትር በጣት የሚሸፈን ነገር ነው። ሆኖም በ25 ዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአንድ ቤት አንደኛው ጥግ 20 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ሌላው ጥግ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ፣ ምሰሶው ከተቀመጠበት ይንሸራተታል፣ በር አይዘጋም፣ የወለሉ አግዳሚ ከግድግዳው ይላቀቃል። ጣውላውን መለወጥ፣ ምሰሶውን በክሪክ ማንሣት ይቻላል። ሥሩ ያለው መሬት መስመጡን ካላቆመ ግን ጥገናው በየጥቂት ዓመቱ የሚደገም ወጪ ይሆናል።

ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የመመልከቻ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። እነዚህ የክንድ ውፍረት እንኳ የሌላቸው ቱቦዎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የከርሰ ምድር ውሃን ከፍታና ሙቀት ያለማቋረጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ገቡ። የውሃው ናሙናም ተወስዶ በውስጡ ያለው ኦክስጅንና የሟሟ ጨው ተመረመረ። ከወራት በኋላ ሁለት ነገሮች ግልጽ ሆኑ። በወደቡ ዳር የውሃው ከፍታ ከባሕሩ ሞገድ መናርና መሸሽ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሆቴሉ የብረት ግድግዳ አጠገብ ግን ውሃው ዝናቡንም ባሕሩንም ሳይከተል ከአካባቢው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የውሃውን ከፍታ በካርታ ላይ ሲያስቀምጡት ቁልቁለቱ ወደ ግድግዳው ነበር። ግድግዳው በመጋጠሚያዎቹና በሥሩ በኩል ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ በውስጥ በኩል ያለው ማፋሰሻም ያንን ውሃ ያለማቋረጥ እየሳበ እንደሚያስወጣው ታወቀ።

መሬቱ ለምን ሰመጠ

የመስመጡ ምክንያት በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ የሚመጣው ክብደት ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ነገር ውሃው በከፊል ስለሚሸከመው ከበታቹ ባለው ላይ የሚጥለው ጫና ያነሰ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ሲወርድ ይህ ድጋፍ ይቀራል፤ የላይኛው ድርብርብ በሙሉ ክብደቱ በታችኛው ላይ ይጫናል፤ ስፖንጅ የመሰለው የእንጨትና የልጣጭ ድርብርብም ይታመቃል። ይህ ዓይነቱ መታመቅ ከጊዜ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው መበስበስ ነው፤ ውሃው ካልተመለሰ ይህ ሊያቆም የሚችለው የሚበሰብስ ነገር ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። ከውሃው በታች የነበረው እንጨት አየር ሲያገኝ ለዘመናት ተኝተው የነበሩ ተዋሕስያን ሥራቸውን ይጀምራሉ። ከጥልቅ ቦታ በመሠርሠሪያ የወጣ ናሙና ሲታይ ነገሩ ዓይን ላይ ይወድቃል፤ በውሃ ተሞልቶ የቆየው ድርብርብ ሲወጣ ፈካ ያለ ቡናማ ቀለም አለው፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ስንጥሩ ላይ የመጥረቢያው ስለት ያረፈበት ምልክት ይታያል። አየር እንደነካው ግን ወዲያው መጥቆር ይጀምራል። አየሩ አስቀድሞ ዘልቆት ከነበረ ቦታ የወጣው ናሙና ጥቁርና ፍርፍር ነው፤ እንጨቱን ከአፈሩ ለይቶ ማወቅ ያዳግታል። በዚያ ፍርፍር ውስጥ የተቀረጸ ፊደል ቢኖር ማንም አያነበውም። ስለዚህ በብሪገን ይጠፋ የነበረው ሁለት ቅርስ ነው፤ ከላይ ቤቱ፣ ከታች ደግሞ ገና ያልተቆፈረው የከተማይቱ መዝገብ።

ማፋሰሻው ውሃውን ከሥር ሲስብ ከላይ የሚተካው ዝናብ ቢኖር ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ዝናቡ ግን ወደ መሬት እንዳይገባ ተደርጎ ነበር። ከተራራው ጥግ እስከ ወደቡ ያለው መሬት ጣሪያ፣ አስፋልትና የተነጠፈ ድንጋይ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ባሕር ይሄዳል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣሪያ በበርገን በዓመት 220 ሜትር ኩብ ውሃ ይቀበላል። በሰፈሩ ዙሪያ ያሉት ጣሪያዎች ሁሉ ያንን ያህል ውሃ ለባሕር ሲያስረክቡ፣ በጥቂት ሜትሮች ርቀት መሬቱ ይደርቅ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ በተለያዩ ዘመናት የተቀበሩ የቱቦ ቦዮች በልቅ ጠጠር የተሞሉ ስለሆኑ፣ ቱቦው ራሱ ባያፈስ እንኳ የከርሰ ምድር ውሃው በቦዩ ጠጠር ውስጥ መንገድ አግኝቶ ይፈስ ነበር። አሮጌ ከተማ ውስጥ የምንቆፍረው እያንዳንዱ የቱቦ ቦይ ሳናስበው ማፋሰሻ ሊሆን ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከ2011 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በኖርዌይ የባህል ቅርስ ዳይሬክቶሬት መሪነት ራሱን የቻለ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮጀክት ተካሄደ። የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች፣ አርኪዮሎጂስቶች፣ የአፈር ኬሚስቶች፣ የዝናብ ውሃ መሐንዲሶችና የከተማው ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ይህ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ በተግባር ግን መሐንዲሱ «የት ልቆፍር?» ሲል አርኪዮሎጂስቱ «የትም አትቁፈር» ከሚልበት ቦታ ነው ንግግሩ የሚጀምረው። በኖርዌይ ሕግ ከ1537 በፊት የነበረ ማንኛውም የሰው ሥራ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ በራሱ የተጠበቀ ነው። በብሪገን ደግሞ አካፋ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ከ1537 በፊት ወደነበረው ሊዘልቅ ይችላል።

የንድፉን አቅጣጫ የወሰነው ይህ ክልከላ ነው። ጥልቅ የሆነ የማስረጊያ ጉድጓድም ሆነ ትልቅ የመሬት ውስጥ ታንከር አልተመረጠም። ሥራው በላይኛው ንብርብር ላይ፣ በተለይም ቀድሞ በቱቦ ሥራና በግንባታ በተነካካው መሬት ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። አሮጌው የቱቦ ቦይ የችግሩ አካል የነበረውን ያህል ለመፍትሔውም ቦታ ሰጠ፤ ቅርሱ ከተበላሸ ቆይቷልና እዚያ መቆፈር አዲስ ጉዳት አያስከትልም።

ሥራው የተጀመረው የሚወጣውን ከመቀነስ ነው። የሚያፈሱ ማፋሰሻዎችና አሮጌ ቱቦዎች ተፈትሸው ተጠገኑ፤ በብረት ግድግዳው ዙሪያ የሚያልፈውን ፍሰት ለመቀነስ ተሠራ። የሆቴሉን ማፋሰሻ ጨርሶ መዝጋት ግን አልተቻለም፤ ቢዘጋ ምድር ቤቱ ውሃ ይገባበታል። ስለዚህ ሕንፃው የሚወስደው ውሃ ቢቀንስም ዜሮ አይሆንም፤ ለሚቀረው ማካካሻ ማምጣት ግድ ሆነ።

ማካካሻው ዝናቡ ነው። ከጣሪያና ከንጣፍ የሚወርደው ንጹሕ የዝናብ ውሃ ወደ ባሕር ከመሄዱ በፊት በተከታታይ ጣቢያዎች እንዲያልፍ ተደረገ። በሙዚየሙ አካባቢ ባለው ክፍት መሬት ላይ ሣር የለበሰ፣ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ቦይና እርጥበት የሚወዱ ተክሎች ያሉት የዝናብ አትክልት ቦታ ተሠራ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እዚያ ለጥቂት ሰዓታት ተኝቶ ይሰርጋል፤ ሲበዛ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። በመንገዱ ሥር ደግሞ በጠጠር የተከበበ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ተዘረጋ። ይህ ቱቦ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ውሃውን ውሃ ወዳጠረው ቦታ ያደርሳል፣ በመንገዱም ላይ ወደ መሬት እያሰረገ ይሄዳል። ሰው በሚረግጠው ቦታ በንጣፉ መጋጠሚያዎች መካከል ውሃ የሚያስገባ አነጣጠፍ ተመረጠ። በዝናብ ብዛት ሥርዓቱ ከሞላ ትርፉ እንደ ቀድሞው ወደ ባሕር የሚወጣበት መተንፈሻ ተትቷል።

ከሁሉም ሥራዎች ይበልጥ የሚያስመሰግነው በግምት አለመረካታቸው ነው። ሣር የለበሰው ቦይ በሒሳብ ብቻ ተቀባይነት አላገኘም፤ በብዛት ውሃ ተሞልቶበት የሰዓት ርዝመት እየተያዘ የመስረጉ ፍጥነት በእውን ተለካ። በአቅራቢያው ያሉት የመመልከቻ ጉድጓዶችም ውሃው የት እንደደረሰ ያሳዩ ነበር።

የሰረገው ውሃ ጥራትም ተጠንቷል። ዝናብ ኦክስጅን አለው፤ በቀጥታ ወደ ጥልቁ ድርብርብ ቢገባ አየር ከማስገባት የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። በላይኛው አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ግን በዚያ ያሉት ተዋሕስያን ኦክስጅኑን ስለሚጠቀሙበት ከታች ሲደርስ አብዛኛውን አጥቷል። የሣሩና የአትክልቱ አፈር ለውበት ብቻ የገባ አይደለም፤ የማጣሪያ ክፍል ነው። መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨውና ከመኪና የሚወርደው ዘይት ወደዚህ እንዳይገባ የጣሪያውን ውሃ ከመኪና መንገዱ ውሃ መለየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የሰመረው

በተጎዳው ክፍል የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ አለ፤ የመስመጡ ፍጥነትም ከቀድሞው 8 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ ጋር የተገኘው ሌላው ጥቅም መረጋጋት ነው። ቀድሞ ውሃው በየጊዜው ከፍ ዝቅ በማለቱ በመካከል ያለው ንብርብር አንዴ እየደረቀ አንዴ እየራሰ ይበሰብስ ነበር፤ አሁን የመዋዠቁ መጠን ጠብቧል።

ለብቻው ችግሩን የፈታ አንድ እርምጃ አልነበረም። ፍሳሹ ሳይጠገን ዝናብ ቢሰርግ፣ ውሃው ባለፈው መንገድ ወደ ማፋሰሻው ይሄድ ነበር። ዝናቡ ሳይመለስ ፍሳሹ ብቻ ቢጠገን ደግሞ ውሃው ወደ ነበረበት ከፍታ ለመድረስ የሚሞላው ምንጭ አያገኝም ነበር። ቅደም ተከተሉ ራሱ መፍትሔ ነበር ማለት ይቻላል።

የጎርፍ ጥቅምም ተገኝቷል። በሣሩ ላይ የተኛው ውሃ በዚያው ሰዓት ወደ ቱቦ አይገባም፤ በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ የወደቡ ዳር ቱቦዎች ላይ የሚደርሰው ጫና በዚያ መጠን ይቀንሳል። ሥራው የተጀመረው ለዚህ ባይሆንም የከተማው ባለሙያዎች ሐሳቡን በሌላ ቦታ ለመድገም የሚያሳምናቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ያልሰመረውና ያልተፈታው

የበሰበሰው አልተመለሰም። ውሃው ወደ ቀድሞው ከፍታ ቢጠጋም፣ በደረቁት ዓመታት ፍርፍር የሆነው ድርብርብ እንደገና እንጨት አይሆንም፤ የሰመጠው ቤትም ከፍ አይልም። ክትትሉ ሃያ ዓመት ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ ይድን የነበረው ብዙ ነው። ይህ በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው፤ የመመልከቻ ቱቦ ከሆቴሉ ግንባታ ወጪ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነበርና።

ውሃውን ከፍ ማድረግም ገደብ አለው። ከመጠን በላይ ከፍ ቢል የቤቶቹን የታችኛውን ግንድ ስለሚያርሰው ፈንገስ ከላይ ጀምሮ ይበላዋል። በምድር ውስጥ የተቀበረው እንጨት ውሃ ይፈልጋል፤ ቤቱን የተሸከመው እንጨት ደረቅ ሆኖ መቆየት ይፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንዳንድ ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሥራው ተጠናቅቆ የሚተው አይደለም፤ የውሃው ከፍታ በሁለቱም በኩል መጠበቅ አለበት።

በባሕሩ ዳር ያለው ክፍል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ሞገዱ ሲንር የወደቡ መንገድና የፊተኞቹ ቤቶች ወለል ውሃ ይገባባቸዋል። የባሕር ወለል ከፍ እያለ ሲሄድ ይህ ይብሳል፤ ሣር የለበሰ ቦይ ደግሞ ባሕርን አያስቆምም።

ጥገናውም የማያልቅ ጉዳይ ነው። ሣር የለበሰ ቦይ ቅጠልና ደለል ሲሞላው ይደፈናል፤ የንጣፍ መጋጠሚያ በጭቃ ይዘጋል። ቱቦ የሚጠርግ ክፍል በየከተማው አለ፤ አትክልት የሚንከባከብ ክፍልም አለ። አትክልት የሆነውን ማፋሰሻ የሚንከባከበው የትኛው እንደሆነ ግን ግንባታው ከማለቁ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ አለዚያ በሁለቱ መካከል ይቀራል።

ወደ ሌላ ከተማ የሚወሰደው

ከብሪገን የሚወሰደው ሣር የለበሰውን ቦይ መቅዳት አይደለም። የሚወሰደው ጥያቄው ነው፤ ይህ መሬት ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ የት ላይ፣ ምን ዓይነት? መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንጨት ችካል ላይ በቆሙት የአምስተርዳም አሮጌ ቤቶች መልሱ ከብሪገን ጋር ይመሳሰላል፤ ውሃው ከችካሉ ራስ በታች ሲወርድ ችካሉ ይበሰብሳል። በላሊበላ ግን ተቃራኒው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት አለት ውሃ ሲዘልቀው የሚሰነጠቅና የሚላላ በመሆኑ፣ ፈልፋዮቹ ራሳቸው ውሃ ከየግቢው የሚወጣበትን ጥልቅ ቦይ አብረው ፈልፍለዋል። በዚያ «ዝናቡን አስርጉ» ማለት ቅርሱን ማፍረስ ነው፤ የሚበጀው የጥንቱን ቦይ ከደለል ማጽዳትና የከተማው አዲስ ንጣፍ ተጨማሪ ውሃ ወደዚያ እንዳይልክ መጠንቀቅ ነው።

በሐረር ጁገል ያሉት ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያዎች ከብሪገን መተላለፊያ ጋር በጥበት ይመሳሰላሉ። 48 ሄክታር ያህል በሚከብ ግንብ ውስጥ ከ300 በላይ መተላለፊያዎች ባሉበት ቦታ የኮብልስቶን ንጣፍ ሲታደስ ከሥሩ የሚደረገው ሲሚንቶ ይሁን ወይስ ጠጠር፣ ከየጣሪያው የሚወርደው አሸንዳ ወደ ግድግዳ ሥር ይሁን ወይስ ወደ ቦይ የሚሉት ውሳኔዎች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን የሰፈሩን ከርሰ ምድር የሚለውጡ ናቸው። የብሪገን ልምድ የሚነግረን እነዚህን ውሳኔዎች ከንጣፉ ሥራ ጋር እንጂ ከዚያ በኋላ መወሰን እንደማይቻል ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ግድ ይላል። የከተማዋ ብዙ ክፍል የቆመው ሲርስ በሚያብጥና ሲደርቅ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የዝናብ ውሃን በመሠረት አጠገብ ማስረግ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ጥቁር አፈር ውሃ የሚያሳልፈውም እጅግ ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በሌላ አገር የተጻፈ የንድፍ መመሪያ ላይ ያለውን የመስረግ ቁጥር ወስዶ መሥራት አያዋጣም። በዚህ ቦታ የሚሻለው ውሃውን በጣሪያ ላይና በታንከር ማቆየት፣ ለአትክልት መጠቀም፣ ትርፉን ከመሠረቱ አርቆ በዝግታ መልቀቅ ነው። በፒያሳ አካባቢ እንዳሉት አሮጌ ቤቶች መሠረታቸው በጭቃና በድንጋይ የተሠራ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ከማናቸውም ንድፍ በፊት የሚደረግ አንድ ነገር ግን በሁሉም ቦታ ያው ነው፤ ውድም አይደለም። በሰፈሩ ውስጥ ጥቂት የመመልከቻ ቱቦዎችን ተክሎ፣ በቤቶቹ ጥግ ላይ ቋሚ የሌቭል ነጥቦችን አድርጎ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምቱንም በጋውንም መለካት ነው። ጉድጓድ በሚቆፈርበት ቀን አርኪዮሎጂስቱ እንዲገኝ፣ የሚወጣው አፈር ቀለምና ሽታም በዚያው ቀን በማስታወሻ እንዲሰፍር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ናሙናው አየር ነክቶት ካደረ ያ መረጃ በማግሥቱ አይገኝምና።